ሟቹ ሽማግሌ፦ ስለ አብርሃም ቨርጊዝ ልብ ወለድ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ልብ ወለድ ነው። ሐኪም የጻፈው የሐኪሞች ታሪክ ነው፤ ግማሹ አዲስ አበባ፣ ግማሹ አሜሪካ ይውላል። አንድ ቤተሰብ እንዴት እንደ ፈረሰ፣ ከፈረሰ በኋላ ደግሞ ምኑ እንደ ተጠገነና ምኑ ሳይጠገን እንደ ቀረ ይተርካል። ደራሲው አብርሃም ቨርጊዝ ይባላል። መጽሐፉ «ከቲንግ ፎር ስቶን» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሞ ከሁለት ዓመት በላይ በኒው ዮርክ ታይምስ የምርጥ ሽያጭ ዝርዝር ላይ ቆየ። ርእሱ የመጣው ከሂፖክራተስ መሐላ ነው፤ የጥንቱ ሐኪም የፊኛ ጠጠር የያዘውን ሰው በቢላ ላለመንካት ከሚምልበት አንቀጽ።

ያላነበባችሁ ሰዎች ይቅርታ አድርጉልኝ፤ መጨረሻውን እናገራለሁ። ስለ እርቅ እያወሩ መጨረሻውን መደበቅ አይቻልም።

ስለ ቤተሰብ መታረቅ የሚጻፉ ልብ ወለዶች የተለመደ አካሄድ አላቸው። የኮበለለው ይመለሳል፣ በሩን ያንኳኳል፣ ከተጣላው ሰው ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል፣ ይላቀሳሉ፣ ይተቃቀፋሉ። ቨርጊዝ ይህን ትዕይንት ደጋግሞ ያዘጋጅልናል፤ ደጋግሞም ይነሣናል። አባትና ልጅ ከስንት ዓመት በኋላ ሲገናኙ የሚባባሉት ያጣሉ። ወንድማማቾች ሲገናኙ አንዱ ራሱን ስቶ ተኝቷል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሚታረቅ ሰው ሁሉ የሚታረቀው መሃል በገባ ሦስተኛ ሰው አማካይነት ነው፤ ሦስተኛ ሰው ያጣ ደግሞ እንደ ተጣላ ይቀራል። የዛሬው ንግግሬ ይኸው ነው።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ሰውየው ጥቂት ልበል። ቨርጊዝ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1955 እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ወላጆቹ ከደቡብ ሕንድ፣ ከኬረላ የመጡ መምህራን ነበሩ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ስልሳን የተሻገራችሁ ካላችሁ፣ ሒሳብ ወይም ፊዚክስ ያስተማራችሁ ሕንዳዊ መምህር ስም አሁን ትዝ ሳይላችሁ አይቀርም። በጃንሆይ ዘመን ከዋና ከተማው አንሥቶ እስከ አውራጃው ድረስ የሕንድ መምህር ያልደረሰበት ትምህርት ቤት ጥቂት ነበር። ልጁ አብርሃም ሕክምና መማር የጀመረው እዚሁ ነበር፤ አብዮቱ ሲመጣ አቋረጠና ቤተሰቡን ተከትሎ አሜሪካ ገባ። እዚያ የሕክምና ተማሪነቱን የሚቆጥርለት አልነበረም፤ ሆስፒታል ውስጥ የሕሙማን ረዳት ሆኖ ሠራ። ትምህርቱን የጨረሰው ማድራስ ሄዶ ነው።

ቀጥሎ ያለው ለዛሬው ጉዳያችን ይጠቅማል። ወደ አሜሪካ ተመልሶ ቴነሲ ግዛት ውስጥ ጆንሰን ሲቲ በምትባል ትንሽ ከተማ ተመደበ፤ የተላላፊ በሽታዎች ሐኪም ነበር። ጊዜው 1980ዎቹ ነው። ኤድስ የኒው ዮርክና የሳን ፍራንሲስኮ በሽታ እንጂ የገጠር በሽታ አይደለም በሚባልበት ሰዓት፣ የእርሱ ሕሙማን ቁጥር እየጨመረ ሄደ። ካርታ ዘርግቶ የት እንደ ኖሩ ሲያሰፍር ነገሩ ተገለጠለት፦ ብዙዎቹ በወጣትነታቸው ወደ ትልልቅ ከተሞች ሄደው፣ እዚያ ታመው፣ ወላጆቻቸው እንዲያስታምሟቸው ወደ ትውልድ ቀያቸው የተመለሱ ወንዶች ነበሩ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው በመጀመሪያው መጽሐፉ ጽፎታል። ልብ ወለዱን ከመጻፉ በፊት ቤት መመለስ ምን እንደሚመስል በየሳሎኑ እየዞረ አይቷል ማለት ነው። የሚመለስ ሰው ሻንጣ ብቻ ይዞ እንደማይመጣም አይቷል።

አሁን ወደ ታሪኩ። መስከረም 10 ቀን 1947 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ፣ ሚሲንግ የሚባል የሚሲዮን ሆስፒታል። አትፈልጉት፣ የፈጠራ ሆስፒታል ነው፤ ሽታውን ግን ታውቁታላችሁ። ሲስተር ሜሪ ጆሴፍ ፕሬይዝ የምትባል ሕንዳዊት መነኩሲት፣ ለሰባት ዓመት ያህል በቀዶ ሕክምና ክፍል የእንግሊዛዊው የዶክተር ቶማስ ስቶን ቀኝ እጅ የነበረች፣ በድንገት ምጥ ይዟት ትገኛለች። እርጉዝ መሆኗን ያወቀ ሰው አልነበረም። በከተማው አሉ ከሚባሉት እጆች አንዱ የእርሱ የሆነው ስቶን፣ እርሷ ስትሆን እጁ ይክደዋል። የማሕፀን ሐኪሟ ሄማ ከሕንድ የተመለሰችበት ቀን ነበርና ደርሳ ልጆቹን በቀዶ ታወጣለች። መንትዮች ናቸው፤ አናታቸው በቀጭን ሥጋ ተያይዟል። እናትየዋ ትሞታለች። ስቶን ልጆቹን ሳያቅፍ ከግቢው ይወጣል፤ ወደ ሚሲንግም አይመለስም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉ። ከሉቃስ ወንጌል የምናውቀው የጠፋው ልጅ ታሪክ አባትየው ደጅ ላይ ሆኖ በመጠበቁ ላይ የቆመ ነው። ቤት አለ፤ አባት አለ፤ ልጁ መመለስ ብቻ ይበቃዋል። እዚህ የጠፋው አባትየው ነው። ልጆቹ የሚመለሱበት አባት የላቸውም። ስለዚህ ጥያቄው ማን ይመለሳል የሚለው ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ወደ ማን ይመለሳል የሚለውም ይጨመራል።

ልጆቹን ማሪዮንና ሺቫ ብለው የሚያሳድጓቸው ሄማና ዶክተር ጎሽ ናቸው። ጎሽ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው። ስቶን ሲሸሽ ሆስፒታሉ ያለ ቀዶ ሐኪም ስለ ቀረ፣ በጎልማሳነቱ መጽሐፍ እያገላበጠ ቀዶ ሕክምና ይማራል። ሌላው ሰው የጣለውን ልጅ ያነሣል፣ የጣለውንም ሥራ ያነሣል። ሄማን ለዓመታት ሲወዳት የኖረ ሰው ነው፤ እርሷ ግን እሺ ስትለው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ውሉ ይታደሳል ወይ ይቀራል። የኛ አያቶች የደሞዝ ጋብቻን ያውቁ ነበር፣ ይህ ግን ያ አይደለም። ጎሽ በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚጠይቅ፣ በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚጨነቅ ባል ነው። መጽሐፉን ሳነብ በጣም የሳቅሁት እዚህ ላይ ነው። ቆይቼ ሳስበው ግን ይህ ሰው ለሽምግልና የተገባ የሆነው ከዚህ የተነሣ መሰለኝ፤ በእጁ ያለውን ነገር የእኔ ነው ብሎ ተኝቶ አያውቅምና።

እኛ ዘንድ ከባድ ነገር ፊት ለፊት አይነገርም። ልጃገረድ ስትጠየቅ ሽማግሌ ይላካል፤ ጠያቂው ወጣት ቤቱ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሰው ሲሞት መርዶ የሚረዳው ጎሕ ሳይቀድ ነው፤ ዘመድ ወዳጅ ተጠራርቶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ በር ላይ ይደርሳል። ከውጭ አገር የተጠራውን ሰው ደግሞ ከቦሌ ቤቱ አይወስዱትም። አክስቱ ቤት ያሳድሩታል፤ ራት ያበሉታል፤ እናቱን ሲጠይቅ «ተኝታለች፣ ነገ ታገኛታለህ» ይሉታል። ሰውየው በልቡ ያውቃል፤ አብላዮቹም እንደሚያውቅ ያውቃሉ። ንጋት ላይ ግቢው በሰው ሲሞላ ነው የሚነገረው። ጠብም እንደዚሁ ነው። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ሽማግሌ መሃል ይገባል እንጂ የተበዳዩን በር ለብቻው አያንኳኳም። ካሳውን የሚቆርጡት ሽማግሌዎች ናቸው።

ወጣቶች ይህን ሲሰሙ ይሰለቻሉ። በስልክ ደውሎ «አጥፍቻለሁ» ማለት እያለ ይህ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ለምን ይላሉ። መልሱ ሽማግሌው በሚናገረው አንድ አባባል ውስጥ አለ። ሽማግሌ ተበዳዩን «ለእኔ ስትል ተው» ይለዋል። ተበዳዩ የሚተወው ለበዳዩ ብሎ አይደለም፤ ለዚያ ገና ልቡ አልደረሰም። ለሽማግሌው ብሎ ነው የሚተወው፤ ኩራቱ ሳይነካ እሺ ማለት ይችላል። ለበዳዩ ማዘን የሚመጣ ከሆነ ከዚያ በኋላ፣ ቀስ ብሎ ይመጣል። በዋሺንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን ዛሬም በውርስ ቤት የተኳረፉ ወንድማማቾችን ሲያስታርቁ ይህንኑ በስልክ ያደርጉታል፤ አዲስ አበባ ያለው አጎት እንደ ወቅቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ቆጥሮ፣ ልጁ ከሥራ የሚወጣበትን ሰዓት ጠብቆ ይደውላል።

ጎሽ የሚሞተው በደም ካንሰር ነው። አልጋ ላይ ሆኖ ለማሪዮን አንድ አደራ ይሰጠዋል፦ ቶማስ ስቶንን ፈልገህ አግኘው፣ ጎሽ እስከ መጨረሻው እንደ ወንድሙ ያየው እንደ ነበር ንገረው። ይኸው ነው አደራው። አባትህን ይቅር በለው አላለም። ይህን ቢለው ልጁ እምቢ ይል ነበር፤ እምቢ ለማለትም ምክንያት ነበረው። ጎሽ ግን ልጁን መልእክተኛ አደረገው። መልእክተኛ ደግሞ መልእክቱን ሊያደርስ ይሄዳል፤ ሲሄድ ሰውየውን ያያል፤ ሲያይ የሚሆነው ይሆናል።

የዘፍጥረትን መጨረሻ የምታስታውሱ ሰዎች ይህን አካሄድ ታውቁታላችሁ። ያዕቆብ ከሞተ በኋላ የዮሴፍ ወንድሞች ይፈራሉ፤ አባታችን አልፏል፣ አሁን ይበቀለናል ብለው። ራሳቸው አይሄዱም፤ አስቀድመው መልእክት ይልካሉ። መልእክቱ አባትህ ሳይሞት እንዲህ ብሎ አዝዞ ነበር የሚል ነው። ዮሴፍም ይህን ሲሰማ ያለቅሳል። አባትየው በእርግጥ አዝዞ እንደ ሆነ መጽሐፉ አይነግረንም፤ ወንድሞቹ ፈርተው የፈጠሩት ነው የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ። ለእኔ ለውጥ የለውም። ሕያዋን መነጋገር ሲያቅታቸው ሟቹን መሃል አስገቡት፤ ሟቹም ሠራላቸው። የሞተ ሽማግሌ አንድ ብልጫ አለው፤ እምቢ ሊሉት አይቻልም፣ ሊከራከሩትም አይቻልም።

ማሪዮን ግን አደራውን ይዞ ዓመታት ይቀመጣል። ለዚህ ምክንያቱ ከአባቱ ይልቅ ወንድሙ ነው። ማሪዮንና ሺቫ ልጅ ሳሉ አናት ለአናት ገጥመው የሚተኙ፣ ራሳቸውን እንደ አንድ ሰው የሚቆጥሩ ነበሩ። ከእነርሱ ጋር ገነት የምትባል ልጅ ታድጋለች፤ የሞግዚታቸው የሮዚና ልጅ ናት። ማሪዮን ገነትን ይወዳታል፤ እስኪጋቡ እጠብቃለሁ ይላል። ሺቫ ግን አይጠብቅም፤ ከእርሷ ጋር ይተኛል። ሮዚና ነገሩን ስታውቅ ልጇን ታስገርዛታለች፤ ገነት ከቁስሉ የተነሣ ለሞት ትቀርባለች። በወንድማማቾቹ መሃል ከዚህ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። አንድ ቤት ይኖራሉ፤ አንድ ማዕድ ይቀርባሉ። ጩኸት የለም፣ ድብድብ የለም። ቨርጊዝ ኩርፊያን የሚጽፍበት መንገድ ያስደንቀኛል፤ ለኩርፊያ ደግሞ እኛ ባለሙያዎች ነን።

በኋላ ገነት የኤርትራን ታጋዮች ተቀላቅላ በአውሮፕላን ጠለፋ ትሳተፋለች። የአዲስ አበባ አንባቢ እዚህ ላይ ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ሳይታወሰው አያልፍም፤ ዋለልኝ መኮንንና የሕክምና ተማሪዋ ማርታ መብራቱ ከጓዶቻቸው ጋር የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክሩ የተገደሉበት ቀን ነው። ደራሲው የ1953ቱን የታኅሣሥ ግርግርም ስሞቹን ለውጦ ያስገባዋል፤ የእርሱ ጄኔራል መብራቱ ይባላል። የታሪክ ሰዎች በዚህ ይናደዳሉ። ልብ ወለድ ነውና እለፉት። በጠለፋው ሳቢያ ማሪዮን ይጠረጠራል፣ በኤርትራ በኩል አገር ጥሎ ይወጣል፤ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ፣ ለድሆች የቆመ አንድ ሆስፒታል ይቀጥረዋል። አብረውት የሚሠሩት ሐኪሞች አብዛኞቹ እንደ እርሱ ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው።

ስቶን በበኩሉ ቦስተን ውስጥ ዝነኛ የጉበት ቀዶ ሐኪም ሆኗል። አባትና ልጅ የሚገናኙት በሥራ መሃል ነው፤ ሊፈላለጉ ተነሥተው አይደለም። ማሪዮን የሚያውቀው አንድ ጣት ከጎደለው እጁ ነው። ስቶን ለወጣት ሐኪሞች የሚያቀርበው አንድ የታወቀ ጥያቄ አለው፦ በድንገተኛ ሕክምና ጊዜ በጆሮ በኩል የሚሰጥ መድኃኒት የትኛው ነው? መልሱ የማጽናኛ ቃል ነው። ማሪዮን መልሱን ያውቃል። አስቡት፤ ይህን ለሌሎች የሚያስተምር ሰው ለገዛ ልጆቹ አንዲት ቃል ሳይተው የሄደ ነው። ስቶን ግብዝ ነው ብለን እንዳናልፈው ደራሲው የሰውየውን ልጅነት ይነግረናል፤ እናቱ እንዴት እንደ ሞተች፣ ሰውን መቅረብ ለምን እንዲያ እንደሚያስፈራው። ይህ ክፍል ይረዝማል፤ ለእኔ ጣዕም ከሚገባው በላይ ይረዝማል። ሰውየው በእጁ ጎበዝ፣ በአፉ ድዳ መሆኑን ቀደም ብሎ ገብቶናልና። በመጨረሻ የሚታረቀውም በእጁ ነው።

ገነት ብሮንክስ ድረስ መጥታ የማሪዮንን በር ታንኳኳለች። ታማለች፤ ያስታምማታል። ከዚያ ትሄዳለች፤ እርሱ ግን ከእርሷ በተላለፈበት ሄፓታይተስ ቢ ጉበቱ ይወድቅና ራሱን ይስታል። ሄማና ሺቫ ከአዲስ አበባ ይበርራሉ። ሺቫ የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ፣ ግን ከሄማ ሥር ሆኖ የተካነ ሰው ነው፤ ከጉበቴ ከፍላችሁ ስጡት ይላል። ቢላውን የሚይዙት የማሪዮን አለቃ ዲፓክና ቶማስ ስቶን ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ታሪክ ላስታውሳችሁ። ታኅሣሥ 14 ቀን 1947 ዓ.ም. በዚያው በቦስተን ዶክተር ጆሴፍ መሪ የሮናልድ ሄሪክን አንድ ኩላሊት አውጥቶ ለመንትያ ወንድሙ ለሪቻርድ ተከለለት። የተሳካ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ይህ ነው። የተሳካውም መንትዮች በመሆናቸው ነው፤ ፍጹም ተመሳሳይ የሆነ መንትያን አካል ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ አይዋጋውም፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ያንን ውጊያ የሚያስታግሥ መድኃኒት ገና አልነበረም። ሪቻርድ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ኖረ፤ ትዳርም ያዘ። መሪ እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማት አገኘ። የቨርጊዝ መንትዮች የተወለዱት ከዚያ ቀዶ ሕክምና ሦስት ወር ብቻ ቀደም ብሎ ነው። ከሕያው ሰው ተከፍሎ የተወሰደ ጉበት በተሳካ ሁኔታ የተተከለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ እናት ለልጇ ሰጥታ፤ ደራሲው ታሪኩን ከዚያ ጥቂት ቀደም አድርጎ አስቀምጦታል። ጉበት ተከፍሎ መልሶ የሚያድግ አካል ስለ ሆነ ሐሳቡ ከሕክምና አንጻር ቅዠት አይደለም።

የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ማሪዮን ታረቅ አልተባለም። ራሱን አያውቅም። ነቅቶ ቢሆን የወንድሙን ጉበት እሺ ይል ነበር? ለዓመታት ያላናገረውን ሰው? እንጃ። ሄማ መሃል ገብታለች፤ ስቶን መሃል ገብቷል፤ ያውም ቃል በቃል መሃል፣ በሁለት የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛዎች መካከል። ሲወለዱ ሊያዋልዳቸው ያልቻለው ሰው አሁን ከአንዱ ቆርጦ ለሌላው ይሰፋል። ማሪዮን ሲነቃ እርቁ አልቋል፤ ካሳው ተከፍሎ ሆዱ ውስጥ ተቀምጧል። ሺቫ ብዙ ሳይቆይ በአንጎል ደም መፍሰስ ይሞታል። ማሪዮን ወንድሙን «ይቅር ብዬሃለሁ» የሚልበት በቂ ጊዜ አላገኘም። አንባቢው ይህን ትዕይንት ጠብቆ ጠብቆ ይነፈጋል፤ ደራሲው ልክ ነው እላለሁ።

ሺቫ በሕይወት ሳለ የሠራውን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ብዙ ሐያሲ እንደ ጌጥ አይቶ የሚያልፈው ስለ ሆነ። ሺቫ የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ነው። ፊስቱላን እናውቀዋለን። ምጥ ለቀናት ይቆያል፤ ሕፃኑ ብዙ ጊዜ ይሞታል፤ እናትየዋ ሽንቷን መቆጣጠር የማትችልበት ቀዳዳ ይቀርባታል። ከዚያ ባል ይሄዳል፤ ጎረቤት ይርቃል፤ ወላጆቿም ቢሆኑ ለብቻዋ ጎጆ ይቀልሱላታል። ሐኪሞቹ ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ገብተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ፤ በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ። እዚያ ድና ወደ ቤቷ የምትመለስ ሴት አዲስ ቀሚስ ይሰጣታል። ስትገባ የለበሰችውን እዚያው ጥላ፣ ያንን ለብሳ ነው አገሯ የምትገባው። ሰው በሩቅ ሲያያት ምን እንደ ሆነች ከቀሚሱ ያውቃል፤ ራሷ ማስረዳት አይጠበቅባትም። ጭራሽ ሊድኑ ላልቻሉትና መመለሻ ላጡት ደግሞ ደስታ መንደር ተሠራ። ማሚቱ ጋሼ ታክማ ከሐምሊኖቹ ጋር ከቀሩት አንዷ ናት፤ ትምህርት ቤት ሳትገባ፣ ሐኪሞቹን እያገዘች አይታ፣ ራሷ የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆነች። ሺቫ ያለ ዲግሪ ቀዶ ሐኪም መሆኑ የማይመስል ነገር የሚመስለው አንባቢ የእርሷን ታሪክ ይመልከት።

እንግዲህ ሺቫ የገዛ ቤቱን የሰነጠቀ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ግን ከቤት የተባረሩ ሴቶችን ጠግኖ ወደ ቤት መላክ ነው። ማሪዮንም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሙያ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊስቱላን በቀዶ የጠገነው አሜሪካዊ ማሪዮን ሲምስ ነው የስሙ ምንጭ። ሲምስ የተማረው በባርነት በተያዙ ጥቁር ሴቶች ላይ፣ ያለ ማደንዘዣ እየደጋገመ በመቅደድ ነበር። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ከኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ተነሥቷል። ልብ ወለዱ በታተመበት ጊዜ ገና ቆሞ ነበር። ሄማ ስሙን በአድናቆት ነው የሰጠችው፤ ዛሬ የሚጻፍ መጽሐፍ ቢሆን ይህን ስም እንዲህ በቀላሉ የሚያሳልፈው አይመስለኝም።

ማሪዮን ወደ ሚሲንግ ይመለሳል፤ በዚያው ግቢ ቀዶ ሐኪም ሆኖ ይሠራል። ስለ መመለሱ ብዙ አልልም፤ ደራሲውም ብዙ አላለም። ለአባቱም መልእክት የሚደርሰው ከሞተች ሴት ነው፤ መነኩሲቷ ለስቶን የጻፈችለት፣ እርሱ ግን አግኝቶት የማያውቀው ደብዳቤ ከቅድስት ቴሬዛ ሥዕል ጀርባ ይገኛል። አጋጣሚው በዛ የምትሉ ትኖራላችሁ። በዝቷል። ስቶን ያዳነው ልጅ፣ የጠፋው ደብዳቤ፣ ሁሉም መጨረሻ ላይ በአንድ ግቢ ይገናኛል፤ ጎሽም ስሕተት የማያውቅ ሰው ይመስላል፤ አንድ ቀን እንኳ ቢመረው ደስ ባለኝ። ነገር ግን ደብዳቤው ከሟች የመጣ መሆኑን አስተውሉ። ጎሽ ሟች ነው፤ እናትየዋ ሟች ናት። ሁለቱም ከመቃብር ሆነው አባትና ልጅን ያነጋግራሉ።

አሁን ወደሚከነክነኝ ነገር ልምጣ። ገነትስ?

ለስቶን ጎሽ አለለት። ለሺቫ ሄማ አለችለት። ማሪዮን ሁሉም አሉት። የገነት አባት ከዚያ ከታኅሣሡ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሳይተርፍ ቀርቷል፤ እናቷ ያደረገችባትን አይተናል። ሥጋዋ ተቆርጧል፣ አገሯ ተከፍሏል፣ በሽታ ይዟታል። ስለ እርሷ «ለእኔ ስትል» የሚል ሰው ግን በመጽሐፉ ውስጥ አንድም የለም። የበደለች ብትሆንም፣ ስቶን ከእርሷ ያነሰ አልበደለም። ለእርሱ ምዕራፎች ተሰጥተው ልጅነቱ ተተረከ፤ የእርሷ ውስጥ ግን ሁልጊዜ በማሪዮን ዓይን እንደ ታየ ነው። የምትመለሰውም በሽታውን አድርሳ ለመሄድ ነው። ደራሲው ሴቲቱን ለሴራው ፈለጋት፤ ለእርቁ አልፈለጋትም። ይህን ስል መጽሐፉን አሳንሼ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ በእርቅ ያሳመነኝ ደራሲ በአራተኛው ለምን ሰነፈ ብዬ ነው።

ሽማግሌ የሚሆን ሰው ጠፍቶ ነው እንዳልል፣ ግቢው ውስጥ ነበረ። አልማዝ ነበረች፤ የጎሽ ቤት ሠራተኛ፣ ሺቫን ሕፃን ሳለ ወተት በሌለው ጡቷ ያባበለችው። ሮዚናን በጎረቤትነት ታውቃታለች። ገነትን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃታለች። ሄማ ፊት ቆማ «ስላሳደግሁልሽ ልጅ ብለሽ» ብትል፣ ሄማ ምን ብላ ትመልሳታለች? በእኛ አገር እንዲህ ያለ ቤት ሲታወክ መጀመሪያ ነጠላዋን ደርባ የምትወጣው እንደ አልማዝ ያለች ሴት ናት። ቨርጊዝ ይህን ማወቅ የሚችል ሰው ነው፤ እዚህ አድጓልና። ሆኖም ማስታረቁን ሁሉ ለሐኪሞቹ ሰጥቶ አልማዝን ከወጥ ቤት አላወጣትም።

ውይይቱን ከዚህ ብንጀምር ደስ ይለኛል። አልማዝ ብትሄድም አይሰሟትም ነበር የሚል ካለ፣ ድምፅ ማጉያውን መጀመሪያ ለእርሱ ስጡልኝ።